አልቃሿ ንግሥቴ እና የቡሬው ድንኳን

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የምትጠራው ንግሥቴ ነበረች። አልቃሽ ናት። የሟቹን እርሻ፣ የበሬዎቹን ስም፣ ከማን ተጣልቶ ከማን እንደታረቀ ሁሉ ታውቃለች፤ ቆማ ደረቷን እየመታች ሁለት ስንኝ ስታወርድ ለወግ ብሎ የመጣው እንኳ እንባው ይቀድመዋል። "ንግሥቴ ካላለቀሰችልኝ አልሞትም" የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። እሷም "እንግዲያው ዝም ብያለሁ፣ ይኑሩልን" ትላቸው ነበር።

ጡቷ ውስጥ ያ ነገር ከተገኘ ወዲህ ግን ለቅሶ ቤት ሄዳ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች እንጂ አፏን አትከፍትም። ቀዶ ሕክምናውን ባሕር ዳር አደረገች፤ ኬሞ የሚሉትን መድኃኒትም እዚያው ጀመረች። ሰው እንድታወርድ ሲለምናት "ድምፄ ሄዷል" ትላለች። ድምፅዋስ አልሄደም። የሌላውን ሞት ስታወርድ የራሷ ስለሚመጣባት ነው።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ እንደሷ ያሉ ሕሙማን ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰቡበት አንድ ክፍል አለ። ያሰባሰበቻቸው ያምሮት የምትባል ነርስ ናት። የመጀመሪያው ቀን ወንበሮቹን ክብ አድርጋ "እስቲ ስሜታችሁን አካፍሉን" ብትላቸው ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ዝምታው ሲበዛ ጉሮሮውን የታመመው ገበሬ፣ አያ ላቀው፣ በዚያ በሚከረክር ድምፁ፣

"ሲስተር፣ ስሜት የሚባለውን እኛ አንችልበትም። ተረት ከሆነ ግን እንሞክራለን" አላት።

"ታዲያ ያውሩልና አያ ላቀው!"

"በቀን? በቀን ተረት ይወራል እንዴ? ነውር አይደለም?"

ያምሮት ጥቂት አሰበችና ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ መጋረጃውንም ሳበችው። ክፍሉ ድንግዝግዝ አለ።

"ይኸው መሸ" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጉ በዚያው ጸና። መስኮት ይዘጋል፤ "እኔ" ማለት የለም። አያ ላቀው "አንድ እህል አልወርድ ያለው ገበሬ ነበር" ብሎ ይጀምራል። የሌላ ሰው ነገር ነውና ማንም ሳያፍር ይጠይቀዋል።

"ያ ገበሬ ለሚስቱ ነገራት?"

"አልነገራትም። ፈሪ ነው።"

"ይንገራት እንጂ! ሚስት ሳታውቅ የሚደበቅ ሕመም አለ?"

"እሺ፣ ባገኘው እመክረዋለሁ።"

በሚቀጥለው ሐሙስ ያ ገበሬ ለሚስቱ ነግሯት መጣ። ሚስቲቱም "መቼ እንደምትነግረኝ ስጠብቅ ነበር" ብላው ኖሯል።

ለንግሥቴ ያን ክፍል ቤት ያደረገላት ግን ሐዋ ናት። ሐዋ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ሳቋ ከሷ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ወፍራም ሆና ቆይታ በሽታው ያቀለላት ሴት። ሕመሟን "እንግዳው" ትለዋለች። "አንዲት ነጋዴ ሴት ዘንድ ያልተጠራ እንግዳ መጣና ደረቷ ላይ መደብ ዘርግቶ ተቀመጠ" ብላ ትጀምርና ሰዉን በሳቅ ታፈርሰዋለች። አንድ ጊዜ ንግሥቴ ጠየቀቻት።

"ያቺ ሴትዮ ጸጉሯ ሲረግፍ ምን አለች?"

"'እኔስ ሂጃቤ አለልኝ፤ ክርስቲያኖቹን ምን ይውጣቸው' አለች።"

"ኧረ እኛም ሻሽ አለን!"

"እሱንም ተበድራችሁ ነው።"

ሁለቱም ባሕር ዳር መርፌ የሚወስዱት በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ነበር። ሦስተኛው ዙር ንግሥቴን ክፉኛ ጣላት። አፏ ቆሰለ፤ ውኃ እንኳ እንደ እሳት ይፈጃታል። ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሐዋ ፌስታል ይዛላት፣ ጀርባዋን እያሻሸች፣ "አራተኛውን አብረን ነን፤ ብትቀሪ ቤትሽ ድረስ መጥቼ በጆሮሽ ነው የምጎትትሽ" አለቻት። ንግሥቴ የቀረውን ዙር የምትችለው በዚህች ሴት ጉልበት እንደሆነ ያን ዕለት ለራሷ ነገረች።

ከዚያ ወዲህ ሐዋ ጠፋች። አንድ ሐሙስ ቀረች፤ ሌላም ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። መንገዱም በዚህ ዘመን ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋ ስለሆነ ማንም ሄዶ አላያትም። ያምሮት "ትመጣለች" ትላለች፤ ግን ስትናገር የሰው ዓይን አታይም። ለሰኞው ቀጠሮ ጥቂት ቀን ሲቀር ንግሥቴ ልጇን ወንዳወቅን ጠርታ "አልሄድም፤ በቃኝ" አለችው። ወንዳወቅ ተነሥቶ ወደ ከብቶቹ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሲገባም ሲወጣም አንድ ቃል አልተነፈሰላትም።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ላቀው ዱላውን ተመርኩዞ ከግቢዋ ቆመ። ሳይናገር ገባት።

"መናኸሪያ ከቡሬ የመጣ ሰው አግኝቼ ጠየቅሁት" አለ። "ሐዋ ቤት ድንኳን ተጥሏል።"

ንግሥቴ በቆመችበት ተቀመጠች። ምን ዓይነት ድንኳን ብላ አልጠየቀችም፤ አያ ላቀውም ሰውየውን አልጠየቀውም ነበር። ያን ሁሉ ሐሙስ ሲፈሩት የከረሙት ነገር ነውና ሁለቱም ቃሉን እንደሰሙ ተቀበሉት።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሚኒባስ ተሳፈሩ። ወሩ ጥር ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰጣ በርበሬ ቀልቶ ይታያል። ንግሥቴ ዓይኗን ጨፈነች። ቡሬ ሲወርዱ ባጃጅ ያዙ።

"በርበሬ ነጋዴዋ ሐዋ ቤት" አለ አያ ላቀው።

"ድንኳኑ ያለበት? ዛሬ ስንቱን ሰው ወሰድሁ መሰላችሁ!" አለ ባለባጃጁ። ንግሥቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ድንኳኑ ከበሩ ፊት ተዘርግቷል። ውስጡ ወንዶች ጥቅጥቅ ብለው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ዝግ ባለ ድምፅ ይጸልያሉ። ሌላ ኮሽ የሚል ነገር የለም። አያ ላቀው ቆቡን አወለቀ።

የዚያን ጊዜ ንግሥቴ ውስጥ ለወራት ተዘግቶ የነበረው ነገር ተከፈተ። ልታወርድ አስባ አልነበረም፤ ድምፁ ራሱ ወጣ። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ ደረቷን፣ ቀዶው ባልነካው በኩል፣ እየመታች ገባች።

"ሳቋ ከሷ ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር፣
ዛሬስ ዝም አለብኝ ያ የቡሬ ሰፈር!"

ሽማግሌው ጸሎታቸውን አቋረጡ። "አሚን" ሊል የተዘጋጀው ሁሉ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ንግሥቴ አላየችም፤ እንባው ጋርዷታል።

"አንድ መርፌ ወግቶን፣ አንድ አልጋ አስተኝቶን፣
ምን አተረፈ አሁን ካንሰር ለያይቶን!"

ከቤቱ ውስጥ ጥድፊያ ተሰማ። የሴቶች ጫማ ተንኳኳ፤ መጋረጃው ተገለጠ። አንዲት ሴት ሂና የተቀባ እጇን ከልብሷ አርቃ፣ ጣቶቿን እንደዘረጋች ወጣች።

"ማናት የምታለቅሰው? ያ አላህ! ማን ሞተ?"

ንግሥቴ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አነሣች። ሐዋ ናት። ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ከሲታ፣ ግን በእግሯ የቆመች ሐዋ።

"አንቺ" አለቻት ንግሥቴ።

ከዚያ አንድ ጎልማሳ ከወንዶቹ መሐል ተነሥቶ "እናቴ፣ ኒካ ነው እኮ! ሠርግ ነው!" ሲል አያ ላቀው ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ቆቡን መልሶ ደፍቶ፣ ለዚሁ ብሎ ከቤቱ እንደወጣ ሰው፣

"እንኳን ደስ አላችሁ!" አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ባለ ጥምጥሙ ሽማግሌ ናቸው። ትከሻቸው እየተርገፈገፈ "እንዲህ ያለ አሚን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም" አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ንግሥቴ ግን አልሳቀችም። ሄዳ የሐዋን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፤ ጉንጯን፣ አገጯን፣ አንገቷን ዳሰሰች፤ ሙቅ ነው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሐዋም አልሳቀችም፤ ፊቷ ገርጥቶ ወደ ኋላዋ ዞራ ነበር። መጋረጃው ሥር የሙሽራው እናት አሪፋ ቆመዋል። ከሽንዲ ዘመዶቻቸውን ይዘው የመጡት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎም የእሳቸው ሰዎች ለሠርጉ ጉዳይ ሲመላለሱ ከርመዋል። ሐዋ ስልኳን የዘጋችው፣ ሐሙስም የቀረችው ለዚሁ ነበር። "በሽታው በዘር ነው ይላሉ፤ ልጄን ፋሪዳን ይተዉብኛል" ብላ ፈርታ፣ ክሳቷን በስኳር በሽታ አሳብባ ነበር የቆየችው። አሁን ካንሰር የሚለው ቃል በንግሥቴ ድምፅ ድንኳን ሙሉ ሰው ሰምቶታል።

"አማቴ…" አለች ሐዋ። ቀጣዩ ቃል አልመጣላትም።

አሪፋ ቀረብ አሉ። "አንቺ ሐዋ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ቡሬ ነገር የሚደበቅበት? በርበሬ ሊገዛሽ የመጣ ሁሉ እኮ ሽንዲ ሲደርስ ዋጋውን ሳይነግረን ጤናሽን ነው የሚነግረን።"

"ያውቃሉ?"

"ሽማግሌ ሳንልክ ነው ያወቅነው። ልጄ በድሩ የሚያገባው ልጅሽን ነው፤ ያንቺን በሽታ አይደለም። አንቺ ስኳር ስትይኝ ሻይሽን ያለ ስኳር ሳቀርብልሽ ሰነበትሁ። ምነው ዝም ብለሽ ትጠጫለሽ?"

"መሯል እኮ፣ ወላሂ! እንዴት መሯል መሰለዎት!" አለች ሐዋ፤ ያን ጊዜ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠና ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ፋሪዳ ከሙሽራ ወንበሯ ተነሥታ ወጥታ የእናቷን ዓይን በእጇ ጠረገችላት፤ የእናትየው ሂና ገና አልደረቀማ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ይህችን ሙሽራ እንዳራት ወይስ ሌላ የሚለቀስለት አለ?" አሉ። ኒካው ቀጠለ።

እንግዶቹን ካበሉ በኋላ ሐዋ ንግሥቴን በርበሬ ወደሚከማችበት ጓዳ ወሰደቻት። ማዳበሪያዎቹ ላይ ተቀመጡ። ከድንኳኑ የአያ ላቀው ሻካራ ድምፅ ይሰማል፤ እህል ስለማይወርድለት የቀረበለትን ወተት ይዞ ለሽንዲ ሽማግሌዎች ስለ አንድ ገበሬ እያወራላቸው ነው።

"እስቲ ያቺን የመርፌዋን ድገሚልኝ" አለች ሐዋ።

"ሂጂ! በቁም ሰው ስንኝ አይወርድም። አንዴ ተሳስቻለሁ።"

"ቆንጆ ናት እኮ። ምን አተረፈ ነው ያልሽው?" ሐዋ ፈገግ እንዳለች ቆየችና ድንገት ዞር አለች። "ሰኞ ቀጠሯችን ነው። እኔ ለእንግዶቹ ምን ሰበብ እንደምሰጥ ሳስብ ነበር የከረምሁት፤ አሁን እሱ ቀለለልኝ። አንቺስ ተዘጋጅተሻል?"

ንግሥቴ የማዳበሪያውን ጠርዝ በጣቷ መፍተል ያዘች።

"አልሄድም ብዬ ነበር።"

"ለምን?"

"አንቺ ስትጠፊ ሞተሻል ብዬ ነዋ።"

የሐዋ ፈገግታ ጠፋ። "ስለዚህ ድንኳኑ የእውነት የኔ ቢሆን ኖሮ አንቺም እቤትሽ ተኝተሽ ልትጠብቂ ነበር? የኔን ሬሳ ሰበብ ልታደርጊው?"

"አትቆጪኝ።"

"እቆጣለሁ! እኔ ስንት ጊዜ ለተዋጋሁት በሽታ አንቺ እንዲህ በአንድ ድንኳን እጅ ልትሰጪ? የመንደሩን ሬሳ ሁሉ ቆመሽ የሸኘሽ ሴት! እነሱን ቀብረሽ ስትመለሺ እህል አልበላሽም? አላረምሽም?"

"አርሜያለሁ።"

"ስለዚህ ስሚኝ። አንድ ቀን የእውነቱ ድንኳን የኔ ይሆናል፤ ወይም ያንቺ፤ አላህ ያውቃል። የኔ ከሆነ መጥተሽ አልቅሺልኝ፤ ዛሬ ካልሽው የተሻለ ስንኝ እፈልጋለሁ ደግሞ። ከዚያ ቀጠሮሽ ሰኞ ከሆነ ሰኞ ትሄጃለሽ። በይኝ እሺ።"

ለንግሥቴ እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ እውነተኛ እሺ እንዲሆን ግን አንድ ነገር ውስጧ ቦታ መልቀቅ ነበረበት። ሐዋ የሌለችበትን ሚኒባስ በሐሳቧ ሣለችው፤ ጎኗ ባዶ ወንበር፣ በራሷ እጅ የተያዘ ፌስታል። ከባድ ነው። ግን ሚኒባሱ ይሄዳል፤ እሷም ውስጡ ተቀምጣ አለች። ሊታሰብ የሚችል ነገር ነው።

"እሺ" አለች። "ብቻዬንም ቢሆን እሄዳለሁ።"

"ለጊዜው ግን አለሁልሽ፤ ሰኞ ፍኖተ ሰላም ስደርስ መንገድ ላይ ጠብቂኝ" አለች ሐዋ።

ንግሥቴ ከአያ ላቀው ስልክ ተቀብላ ወደ ልጇ ደወለች። ከድንኳኑ እልልታው ስለበዛ ጆሮዋን በአንድ እጇ ደፈነች።

"ወንዳወቅ፣ እኔ ነኝ። ሰኞ በጠዋት ታደርሰኛለህ፤ ባሕር ዳር እሄዳለሁ።"

ከወዲያ በኩል ልጇ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማች።

"እሺ እማ። ማን አሳመነሽ?"

"ሟቿ" አለችው ንግሥቴ።