የሰጋቱራው የእግረኛ መንገድ

ከንቲባው በእግራቸው የሚሄዱት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ እሱም የስቅለት ዕለት። ሐምራዊ ቀሚስ የለበሱ ተሸካሚዎች መስቀል የተሸከመውን የኢየሱስን ምስል ከነከባድ የእንጨት መድረኩ በትከሻቸው ይዘው ከተማዋን ሲዞሩ፣ ከንቲባው የሹመት ዘንጋቸውን ጨብጠው ከኋላ ይከተላሉ። ዶኛ ኤርሲሊያ ሞንሶን ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያች ከተማ ኖረው የተረዱት ነገር ቢኖር፣ ደህና የእግረኛ መንገድ የተሠራላቸው ሰፈሮች በሙሉ ያ ዑደት የሚያልፍባቸው መሆናቸውን ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ በእርግጥ እንዲህ አይልም። መስፈርት አለኝ ይላል። ትምህርት ቤት ያለበት ጎዳና ይቀድማል፣ ጤና ጣቢያ ያለበት ይከተላል፣ ሽማግሌና ሕፃን የሚበዛበትም ይታሰብለታል። ዶኛ ኤርሲሊያ የሚኖሩበት የጡብ ሠሪዎች መንገድ ትምህርት ቤትም፣ ጤና ጣቢያም፣ ሽማግሌም ሞልቶታል። ያልነበረው ዑደት ብቻ ነው። የቤቶቹ ግድግዳ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ የቆመ ስለሆነ እግረኛ ከግድግዳና ከአውቶቡስ መካከል እንደ ወረቀት ሳስቶ ማለፍ ነበረበት። አውቶቡሶቹ ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት ተቀባብተው፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ጓቴ! ጓቴ! ጓቴ!» እያለ ወደ ዋና ከተማው የሚጣራባቸው፣ ፍሬን መያዝን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ ነበሩ።

ባለቤታቸው ዶን ኦቶኒየል ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከተሸካሚዎቹ የግማሾቹን ቀሚስ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ በከዘራ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፤ በጡብ ሠሪዎች መንገድ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቻላል፣ ቀስ ማለት ግን አይቻልም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ወደ አደባባዩ መናፈሻ፣ ጓደኞቻቸው ወደሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ሲሄዱ፣ የአውቶቡስ መስታወት ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ ወስዶ ሄደ። ባርኔጣው አልተመለሰም። እሳቸውም ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት አልወጡም። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

«ልደግፍህና እንሂድ» ይሏቸዋል ዶኛ ኤርሲሊያ።

«ሰው ጎትቶ ከሚወስደኝ እዚሁ ልድረቅ።»

መድረቁንም ጀምረውታል። ሸሚዛቸው አንገት ላይ ሰፍቷቸዋል፤ ልብስ ሰፊ ሆነው ሳለ ለማጥበብ ግድ አላላቸውም። ዶኛ ኤርሲሊያን እንቅልፍ የሚነሳቸው ይህ ነበር። ከደጃቸው እስከ አደባባዩ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ሰውዬው ማንም ሳይደግፋቸው፣ በገዛ እግራቸው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወጥተው እንዲመለሱ ነው የሚፈልጉት። ለዚህ ደግሞ የእግረኛ መንገድ ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት ዑደቱ የሚያልፍበት ትልቁ ጎዳና ተቆፈረ። የተቆፈረው የእግረኛ መንገዱ ለሦስተኛ ጊዜ ታድሶ እንዲያምር ነው። እድሳቱ ለስቅለት አልደርስ ሲል፣ ዑደቱ በጡብ ሠሪዎች መንገድ በኩል እንዲዞር ተወሰነ።

ዜናውን ይዘው የመጡት አጥሚት ሻጯ ጎረቤታቸው ዶኛ ቻቤላ ናቸው። ሰፈሩ ተደሰተ። ዑደት የሚያልፍበት ሰፈር በየደጁ ፊት ለፊት በቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ያነጥፋል፤ ጽዋ፣ እርግብና አበባ እያስመሰለ ምንጣፍ ይሠራል። ሴቶቹ ስለ እርግቦቹ ቀለም መከራከር ሲጀምሩ ዶኛ ኤርሲሊያ አቋረጧቸው።

«እርግብ አንሠራም። የእግረኛ መንገድ ነው የምንሠራው።»

«ምን?»

«በግራጫ ሰጋቱራ። በመንገዱ ቀኝ ዳር፣ ከነጠርዙ፣ ከነቢጫ መስመሩ። ከንቲባው ምን እንደጎደለን በዓይናቸው ይዩት።»

ዶኛ ቻቤላ አማተቡ። «ኧረ ኤርሲሊያ፣ በስቅለት! ለጌታ የእግረኛ መንገድ ሲነጠፍለት የት ታየ?»

«ጌታም እግረኛ ነበር።»

«አህያ ነበረው እኮ!»

«ለአንድ ቀን። ያውም የውሰት።»

ዶኛ ቻቤላ ለግራጫው የሚሆን የከሰል ዱቄት እሰጣለሁ አሉ።

የቀረው ሰጋቱራው ነበር። ሰጋቱራ በሰፈሩ ያለው ወደ አደባባዩ መታጠፊያ አጠገብ ባለው የአናጺው የዶን ፊደንሲዮ ግቢ ነው። ዶን ፊደንሲዮ የባልና ሚስቱ አበልጅ ናቸው፤ ብቸኛ ልጃቸውን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ነበሩ። ከዶን ኦቶኒየል ጋር ግን ከዓመታት በፊት በአንድ ቀሚስ ተጣልተዋል። አናጺው ተሸካሚ ናቸው። በዚያ ዓመት ስቅለት አዲሱ ሐምራዊ ቀሚሳቸው አጥሮ፣ ከተማው ሁሉ ከጌታ ሕማም ይልቅ የዶን ፊደንሲዮን ቅልጥም ሲያይ ዋለ። ሰፊው አሳጠረው ይላሉ አናጺው። ቀሚሱ አላጠረም፣ ሆዱ ነው ወደ ላይ የሳበው ይላሉ ሰፊው። ከዚያ ወዲህ «አንተ» መባባሉ ቀርቶ፣ ሲያስፈልግ ብቻ፣ በሰው በኩል «እርስዎ» ሆኗል።

«ሰጋቱራ ፈልጌ መጣሁ፣ አበልጄ» አሉ ዶኛ ኤርሲሊያ።

«ለጌታ ከሆነ ግቢው ሙሉ ነው፤ ይጫኑ። ለባልዎ መሄጃ ከሆነ ግን ቀሚሴን እንዳሳጠሩት በአፋቸው ይናገሩ።»

«ሽባ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ላይ ቂም ይያዛል?»

«ምላሳቸው ሽባ ሆነ እንዴ? ትናንት በመስኮት ሲሳደቡ ሰምቻለሁ።»

ዶን ኦቶኒየል ተጠየቁ። «ሆዳቸውን ይለኩ» አሉ። በቃ።

ስለዚህ ሰጋቱራው ከከተማ ውጭ ካለ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ በዶኛ ቻቤላ ወንድም ፒክአፕ መጣ። የተገኘው በቂ አልነበረም። በስቅለት ማለዳ ሰፈሩ ተንበርክኮ ግራጫውን አነጠፈ፣ በጣውላ ደለደለ፣ ውሃ እየረጨ አጠነከረ። ጠርዙን በገመድ ያስተካከሉት ዶኛ ኤርሲሊያ ራሳቸው ናቸው፤ ዶን ኦቶኒየል ደግሞ በመስኮት ሆነው «ጠማማ ነው! ወደ ግራ! ስፌት እንዲህ ቢሆን ደንበኛ ይከሰኝ ነበር!» እያሉ አዘዙ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ሲጮሁ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታቸው ስለነበር ሚስታቸው ሁለት ጊዜ አፍርሰው ሠሩት። ሰጋቱራው ያለቀው ልክ የዶን ፊደንሲዮ በር ላይ ሲደርሱ ነው። አናጺው በራሳቸው ደጅ ላይ በእልህ አረንጓዴ የጥድ ቅጠል ነስንሰው ጠበቋቸው።

ዑደቱ መጣ። መድረኩን የተሸከሙት በመንገዱ መሐል እየተወዛወዙ አለፉ፤ ዳር ያለውን ግራጫ ማንም አልረገጠውም። ከንቲባው ግን አንድ ጊዜ ቀና ብለው ሲያዩት፣ በአስፋልት መሄድ ያልለመዱ ሰው ስለሆኑ፣ ሳያስቡት ጠርዙን ተሻግረው ወጡበት። ጥቁር ጫማቸው ቁርጭምጭሚት ድረስ ሰመጠ። እግራቸውን አራግፈው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ «እጅግ ያማረ ጎዳና ነው» አሉና ወደ መሐል ተመለሱ። ከላይ የማዘጋጃ ቤቱ ድሮን እየዞረ ፎቶ ያነሳ ነበር። ሙዚቀኞቹ አልፈው ሳይርቁ የማዘጋጃ ቤቱ ጽዳት ሠራተኞች ደረሱ፤ እንደየዓመቱ ልማድ ምንጣፉን ሁሉ በአካፋ ዝቀው መኪና ላይ ጫኑት። የጡብ ሠሪዎች መንገድ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ተመለሰ።

ከፋሲካ በኋላ ዶኛ ኤርሲሊያ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። የመንገድ ክፍሉ ወጣት መሐንዲስ ኢንጂነር ኑፍዮ በአክብሮት አስቀመጣቸውና ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«ዶኛ፣ የእርስዎ ጎዳና እኮ የእግረኛ መንገድ አለው።»

«የለውም።»

«አለው። ዘንድሮ ካርታውን በድሮን ፎቶ አድሰነዋል። ይዩት፤ ግራጫ፣ ጠርዝ ያለው፣ ቢጫ መስመር የተቀባ። እንዲያውም ከከተማው ሁሉ ቀጥ ያለው ይሄ ነው።»

ዶኛ ኤርሲሊያ መኩራት አማራቸው፤ ግን ጊዜው አልነበረም። «ልጄ፣ ሰጋቱራ ነው።»

«ከላይ ሲታይ አያስታውቅም።»

«ከታች መጥተህ እየው።»

«መስክ የምንወጣው የእግረኛ መንገድ ለሌላቸው ጎዳናዎች ነው» አለ መሐንዲሱ፣ በእውነት አዝኖ። «እርስዎ አለዎት።»

ደረጃው ላይ ጸሐፊዋ ዶሪስ ተከትላቸው ወጣች። የዶሪስ እናት ከጡብ ሠሪዎች መንገድ ጀርባ ነው የሚኖሩት።

«እማማ፣ የሌለ አያሠሩም። የተበላሸ ግን ያስጠግናሉ።»

«ያልነበረ ነገር እንዴት ይበላሻል?»

«ነበረ ብለውዎታል እኮ! አሁን የት ሄደ?»

«የራሳቸው መኪና ጭኖት ሄደ።»

ዶሪስ አፏን በእጇ ያዘች። «እንደዚያው ብለው ያመልክቱ።»

ዶኛ ኤርሲሊያ አንዲት ቃል አልዋሹም። በፎቶው ላይ የሚታየውን የእግረኛ መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በስቅለት ዕለት በአካፋ አፍርሰው፣ በመኪና ጭነው መውሰዳቸውን አመለከቱ። ምስክር ሲባል ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ደነገጠ። አዲስ የእግረኛ መንገድ ለመሥራት መስፈርትና ተራ ያስፈልጋል፤ ራሱ ያፈረሰውን ለመመለስ ግን ተራ የለም፣ ጋዜጣ እስኪሰማ መጠበቅም አያስፈልግም።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጣ። የግንበኞቹ አለቃ ፎቶውን በእጁ ይዞ ነበር። የተባለው «ወደ ነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ» ነው፤ እሱም ቃል በቃል መለሰው። ስፋቱም፣ ቢጫ መስመሩም፣ በዶን ኦቶኒየል ጩኸት የተቃናው ጠርዝም እንደ ፎቶው ሆነ። የዶን ፊደንሲዮ በር ላይ ሲደርስ አቆመ።

«ወደ አደባባዩ የሚቀረውስ?» አሉ ዶኛ ኤርሲሊያ።

«ፎቶው ላይ እዚህ ያበቃል። ከዚህ ወዲያ አረንጓዴ ስፍራ ነው።»

«ምን አረንጓዴ ስፍራ?» ዶን ፊደንሲዮ መጋዛቸውን እንደያዙ ወጡ። «የእኔ እንጨት ማውረጃ ነው!»

«ካርታው ላይ አረንጓዴ ነው ጌታዬ። ከእንግዲህ እንጨት ማውረድ ክልክል ነው። አግዳሚ ወንበር ደግሞ ይገባዋል።»

«ዛፍ የታለ?»

«ዛፉ በሚቀጥለው በጀት ነው።»

ወንበሩ ተተከለ፤ ፊቱን ወደ አውቶቡሶቹ፣ ጀርባውን ወደ አናጺው ግድግዳ አድርጎ።

ሲሚንቶው በደረቀ በማግስቱ ዶን ኦቶኒየል ሸሚዛቸውን ራሳቸው አጥብበው ለበሱና ከዘራቸውን አነሱ። ዶኛ ኤርሲሊያ ደጃፍ ላይ ቀሩ። ለመከተል እግራቸው ቢነሳም በሩን ጨብጠው ቆሙ። ሰውዬው ግድግዳውን ሳይነኩ፣ በየበሩ ሰላምታ እየሰጡ፣ አንድ አውቶቡስ ጆሯቸው ሥር ሲያጓራ ዞር ብለው ሳያዩት ሄዱ። ሲሚንቶው ሲያልቅ ቆሙ። ወደ አደባባዩ አዩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ዶን ፊደንሲዮ ወጡ። «ደጄን ይዘውብኛል።»

«የመንግሥት መናፈሻ ነው። ከፈለጉ እርስዎም ይቀመጡ፤ ሆድዎ ከበቃው።»

«ቀሚሱን ግን አሳጥረውታል።»

«ሆድ ነው።»

ዶኛ ኤርሲሊያ ከሩቅ ሲያዩ ሁለቱም ከዘራና መጋዝ እያወናጨፉ ነበር። በሳምንቱ ጭቅጭቁ በ«አንተ» ሆኖ ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት ጾም ሲገባ ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። እርግብና ጽዋ የሚሠራ ጠፋ፤ ሁሉም ግራጫ ፈለገ። ከሰል ተወደደ። ቄሱ የጌታ ሕማም የሲሚንቶ ማመልከቻ አይደለም ብለው ተቆጡ፤ የእሳቸው ደብር ጀርባ ያለው ጎዳና ግን ግራጫውን ከሁሉ ቀድሞ አዝዞ ነበር። ዶኛ ኤርሲሊያ ከወንበሩ እስከ አደባባዩ የቀረውን ለመጨረስ ወደ አናጺው ሄዱ።

«አስቀምጬልዎታለሁ» አሉ ዶን ፊደንሲዮ። «ቃሉ ግን ያው ነው።»

ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ዶን ኦቶኒየል ሰሙ። «እሺ፣ አጥሮ ነበር። አሁን ስጣት።»

ዶን ፊደንሲዮ ጆንያዎቹን አወጡ። ለዘመናት የጠበቁትን ቃል አግኝተው ሳለ ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ አልነበረም፤ ሥራ የፈታ ሰው መሰሉ።

«በመጪው ክረምት አደባባዩ ድረስ ትሄዳለህ» አሉ ዶኛ ኤርሲሊያ ለባላቸው፣ ጆንያውን እያሰሩ።

«አደባባይ ማን አለኝ?»

«ጓደኞችህ አሉ እንጂ! ሩፊኖ፣ ያ ጫማ ሰፊው፣ ደግሞ…»

«የቀብሩን ደወል በመስኮት እየሰማሁ፣ አላፊውን ለማን ነው እያልኩ ነበር የከረምኩት» አሉ ዶን ኦቶኒየል። «የመጨረሻው የተደወለው ለሩፊኖ ነው። አምና፣ ከስቅለት በፊት።»

ዶኛ ኤርሲሊያ እጃቸው ጆንያው ላይ ቀረ። አምና ያን ጠርዝ በገመድ ሲያቃኑ፣ ዶን ኦቶኒየል በመስኮት ሆነው «ወደ ግራ!» ሲሉ፣ አደባባዩ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው እንዳልነበረ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መንገዱ ይሠራ ብዬ። ለሌላ ሰው ይሆናል።» ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብለው አናጺውን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ አከሉ፤ «አጥሮ ነበር ብያለሁ። ሆድ አልነበረም ግን አላልኩም።»

የዶን ፊደንሲዮ ፊት በራ። ጆንያውን ጥለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ምን አልክ አንተ?»