የከርከዴ ማኅበር

ልጅ እያለሁ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን፣ ከንፈራችንም ጣታችንም ቀይ ይሆን ነበር። የእናቶቻችን የማርያም ማኅበር የሚጠጣው በከርከዴ ስለነበር ነው። ደረቁን ቀይ አበባ በትልቅ ድስት ያፈሉታል፣ ስኳሩን ሳይሰስቱ ይጨምሩበታል፣ ከዚያ እርጥብ ጆንያ በተጠመጠመበት እንስራ ያቀዘቅዙታል። እኛ ልጆች ድስቱ ሥር የቀረውን አበባ በጣታችን እየጠረግን እንልስ ነበር። ዛሬም ከርከዴ ሲፈላ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ምራቄ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጸጸቴ።

ማኅበር በከርከዴ! የሰማ ሁሉ ይስቅብን ነበር። የጎንደር ሰው ጽዋውን የሚሞላው በጠላ ነው። የእኛዎቹም ድሮ በጠላ ነበር የሚጠጡት። አንድ ቀን ግን እትዬ ታንጉት፣ የማኅበሩ ሙሴ ማለትም አለቃ የነበሩት፣ ተነሡና “ከሻ በዝቷል” አሉ። ከሻ የሚባለው ፖሊስ ቤት ለቤት እየዞረ መጠጥ የሚፈትሽበት አሰሳ ነው። “እኔ በስተርጅና ለጅራፍ የሚሆን ጀርባ የለኝም። ከዚህ ወር ጀምሮ ጽዋችን በከርከዴ ነው፤ ማርያም እንደሁ አትቀየመንም።” ሴቶቹ ሁሉ እሺ አሉ። አንዲት እንኳ አልተከራከረችም። ይህ ነገር ያኔ ሊያስገርመኝ ይገባ ነበር። የእኛ ሰፈር ሴቶች እንደዚያ በአንድ አፍ ሲስማሙ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እናቴ ከዚያ በፊት ሦስት ወር ሙሉ ከማኅበሩ ቀርታ ነበር። ምክንያቱ አባቴ ነው። አባቴ በእህል ገበያው ጆንያ ይሰፋ ነበር፤ ሰሊጥና ማሽላ የተሞላውን ጆንያ አፉን በሲባጎ እየሰፋ ይዘጋል። ጠዋት ጠዋት እንደሱ ያለ ሰው አልነበረም። ሸሚዙ የሰሊጥ አቧራ ይሸታል፣ በዚያ በትልቁ የጆንያ መርፌ የጨርቅ ኳስ ይሰፋልኛል፣ እየሰፋም ያዜምልኛል። ከሰዓት በኋላ ግን አረቄ የሚሸጥበት ቤት ይገባና ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ጠላ ያለበትን ቤት ደግሞ በጠረኑ ብቻ ያገኘዋል። አንድ የማርያም ቀን እናቴ የተቀመጠችበት ድረስ ተከትሏት መጣና “ለእኔስ የለም ወይ?” እያለ ቄሱ ፊት መሶቡ ላይ ወደቀ። እናቴ ሸሚዙ ላይ የፈሰሰውን ወጥ በነጠላዋ ጠርጋ፣ ደግፋ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ ማርያም በመጣ ቁጥር ራስ ምታት ይይዛት ጀመር።

ጠላው ቀርቶ ከርከዴው ሲመጣ ራስ ምታቱ ለቀቃት። ሴቶቹም እኛ ቤት መመላለስ አበዙ። አንዷ እርሾ፣ አንዷ በርበሬ ልትበደር ትመጣለች። ጓዳቸው ሙሉ የሆነው እትዬ ታንጉት ሳይቀሩ ባዶ ስኒ ይዘው “ብርቄ፣ እናትሽ ጨው አላት?” ይሉኛል። ገብተው የእናቴን ፊት ያያሉ፣ ትንሽ ይቀመጣሉ፣ የሆነ ወሬ አምጥተው ያስቋታል። ስንት ጊዜ ጨውን ረስተውት ሄዱ! የድግሱ ተራ እኛ ቤት ሲደርስ ደግሞ በማለዳ በጓሮ በኩል ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኖ ይገባል፣ ወጡ ይገባል። እናቴ “ኧረ ተዉ፣ ኧረ በማርያም” ትላለች። እነሱ ሁሉንም ወደ እናቴ ዕቃ ገልብጠው በመጡበት ይወጣሉ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን አሳምረው፣ በፊት ለፊቱ በር፣ እንግዳ ሆነው ይመጣሉ። “እንዴት ያለ ዳቦ ጋግረሻል!” ይሏታል። እናቴ ትሽኮረመማለች። አባቴም የሚስቱን ሙያ ለሰው ሁሉ ያወራል። እናቴን እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ተራችን ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ትምህርት ቤት ግቢ ከኒሟ ዛፍ ሥር ቅልብልቦሽ ስንጫወት፣ ከእትዬ ታንጉት ልጅ ከውቢት ጋር ተጣላን። ጠጠር ነካሽ፣ አልነካሁም ነው ነገሩ። አፌ ያኔ ከዕድሜዬ ይቀድም ነበርና “ሂጂ፣ እናትሽ ፖሊስ ፈሪ!” አልኳት። ውቢት ጠጠሩን በተነችው። “የእኔ እናት ማንንም አትፈራም! ጠላው የቀረው በአባትሽ ነው። የድግሳችሁን ዳቦ እንኳ የምንጋግርላችሁ እኛ ነን!” ልጆቹ ሳቁ። በጓሮ የሚገባውን ዳቦ አይቼው አውቃለሁ፤ ግን ለሁሉም ቤት እንዲሁ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር።

እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። አባቴ ያን ቀን ከገበያ በጊዜ ተመልሶ በሣር በተከደነው ዳሳችን ጥላ ሥር ተቀምጧል። ለነገው እንግዳ የተቀደደውን ምንጣፍ እየሰፋ ነበር። ጠጥቶም አልነበረም። ለእናቴ ድግስ ብሎ መጠጥ ሳይቀምስ የዋለበት ቀን እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ከርከዴውን፣ ዳቦውን፣ የጓሮውን በር። ክፋት አስቤ አልነበረም። ካፈረ መጠጡን የሚተው መስሎኝ ነበር። መርፌውን ምንጣፉ ላይ ሰካና “እናትሽ ታውቃለች?” አለኝ። አላውቅም ነበር። “ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል” አልኩት።

“ኸላስ” አለ። በቃ ማለቱ ነው። ገብቶ፣ ተራችን ስለነበር እኛ ጋ የሰነበተውን ጽዋ ከነሸማው ከመደርደሪያው አወረደው። እናቴ እጇ ሊጥ እንደያዘ ከጓሮ ብቅ አለች።

“ወዴት ልትወስደው ነው?”

“ለባለቤቶቹ። ለሰካራም ቤት እየተዘነ የሚደገስ ድግስ እኔ ቤት አይገባም። አንቺም እግርሽ እዚያ ከረገጠ እኔን እዚህ አታገኚኝም።”

እናቴ እሱን ማየት ትታ ወደ እኔ ዞረች። አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። ታውቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ። አውቃ ዝም ብላ ነበር፤ እነሱም ዝም ብለውላት ነበር፤ በዚያ ዝምታ ነበር ከሰው እኩል ቀና ብላ የምትቀመጠው። እኔ ነኝ ያፈረስኩባት።

አባቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጠጣም። ያዳንኩት መስሎኝ ኮራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከድሮው ብሶበት ገባ። ሴቶቹ በጓሮ መጥተው ነበር፤ እናቴ ግን በአጥሩ ክፍተት እሾህ ከምራበት “መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደኅና ነኝ” ብላ መለሰቻቸው። ስድስት ዓመት ደኅና ነኝ እያለች ኖረች። እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳየውም ደኅና ነበረች። አባቴ በጉበት ታሞ ሲሞት ሴቶቹ ለለቅሶ መጡ። እትዬ ታንጉት እናቴን አቅፈው “ምነው፣ ጨው እንኳ ከለከልሽኝ?” እያሉ አለቀሱ። ወደ ማኅበሩ እንድትመለስ ቢለምኗትም እሺ አላለችም። ብቻዬን መሆኑን ለምጄዋለሁ አለች።

እናቴ ካለፈች አራት ዓመት ሆናት። በመጨረሻ ጊዜዋ ፀጉሯን ሳጥባት “እማ፣ ያን ጊዜ ለአባ እኔ ባልነግረው…” ብዬ ጀመርኩ። “ውሃው ቀዘቀዘ፣ ቶሎ በይ” አለችኝ። ፊቷ ላይ የወረደውን ውሃ ጠርጋ “ልጅ ነበርሽ” አለች። ይቅርታ ይሁን፣ ወይስ ተይው ማለቷ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምነው ጨርሼ በተናገርኩ፣ ምነው እግሯ ላይ በወደቅኩ እላለሁ።

ዛሬም ገዳሪፍ ነኝ። ያኔ ግቢው የማይበቃቸው ሴቶች ሱዳን ጦርነት ከገባች ወዲህ ገሚሶቹ በመተማ በኩል አገር ገብተዋል፤ እትዬ ታንጉትም አርፈዋል። የቀረነው ዘጠኝ ነን፤ ሙሴዋ ውቢት ናት። ጽዋው ወደ ጠላው ከተመለሰ ቆይቷል፤ ፖሊሱም በጦርነቱ ተይዞ የማንንም ጋን የሚያሸት የለም። የእኔ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው። ትምህርቱ ከተቋረጠ ወዲህ ይጠጣል። ጠዋት ጠዋት፣ ልክ እንደ አያቱ፣ እንደሱ ያለ ልጅ የለም። ለማንም አልተናገርኩም። ብቻ ሁለት ወር በተከታታይ፣ ማርያም ሲደርስ፣ ራስ ምታት ያዘኝና ከማኅበሩ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ውቢት በጓሮ በኩል መጣች። ባዶ ስኒ ይዛለች።

“ብርቄ፣ ጨው አለሽ?”

ስኒዋን ሞላሁላት። ተቀምጣ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራችኝ፣ አሳቀችኝም። ስትነሣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ዓይኔን ሳታይ፣ “የማርያም እንዳትቀሪ። ከዚህ ወር ጀምሮ ጽዋችን በከርከዴ ነው። ከሻ በዝቷል” አለች።

በዚህ ሰፈር ከሻ ካየን ስንት ዘመናችን! እሷም ታውቃለች። እንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት።

“አዎ፣ ሰምቻለሁ” አልኳት። “በዝቷል አሉ።”

ጨውን ረስታው ሄደች። ስኒውን በእጄ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። እናቴ ያኔ ከእኔ የፈለገችው ይህችኑ ያህል ነበር፤ ሰምቼ ዝም እንድልላት።