የዓሊማ ዳታ ቆጣሪ

ዓሊማ ከእናቷ ጋር የምትጫወተው ዝም ብላ ነው። እዚህ በሰው አገር፣ ማሪቢርኖንግ ካለው የገበያ ማዕከል የጽዳት ሥራዋን ጨርሳ፣ ፍሌሚንግተን ከእኔ ጎን ወዳለው ፍላቷ ስትገባ ደሴ ይነጋል። አሮጌ ላፕቶፗን ከፍታ ትደውላለች። እናቷ እትዬ ዘሀራም ስልካቸውን ፔርሙዝ ላይ ያስደግፉታል። ሰላምታ ተለዋውጠው ሲያበቁ ማንም አይዘጋም። እሷ የተቀደደ ልብስ ትጠቅማለች፣ እሳቸው ምስር ይለቅማሉ። በመሀል ገባ ስል "ነይ የሺ፣ እናቴ ዘንድ ነኝ" ትለኛለች። እኔ አፌ አያርፍምና፣ ዝም ለመባባል መደወል ምን የሚሉት ወግ ነው እያልኩ አሾፍባት ነበር።

ችግሩ፣ ዳታዋ በየወሩ በልክ የሚሞላ ነው፤ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ስክሪኑ ድንገት ሲጠፋ እናቴ ስልኩን እያየች ትጠብቀኛለች ብላ ትጨነቃለች። መጀመሪያ ልጇን ሲሀምን በፊልም ጠረጠረቻት። ሲሀም "ኖት ሚ፣ ማም" ብላ በሯን ዘጋች።

አብዱልራህማን የሚባል የወሎ ልጅ አለን፤ ካርልተን ሰፈር ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኔትወርክ ሠራተኛ ነው። ዳታዬን የሚበላውን አሳየኝ አለችው። የጫነላት የመጀመሪያው ፕሮግራም ከበደና ላፕቶፑ ሊፍት እንደተበላሸበት ሽማግሌ ደረጃ ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ፈልጎ ፈልጎ አንዲት ቀላል አገኘላት፦ ስክሪኑ ጥግ የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን፣ የሚገባውን፣ የሚወጣውንና በወሩ ውስጥ የተበላውን ከማሳየት በቀር ሌላ ሙያ የሌላት። ዓሊማ እንደ መብራት ቆጣሪ ቆጥራት "ቆጣሪዬ" አለቻት።

በማግስቱ ሌባው ተያዘ። እናትና ልጅ ዝም ባሉበት ሰዓት ቁጥሮቹ ይሮጣሉ።

"እትዬ፣ ባታወሩም ምስሉ ይሄዳል፣ ይመጣል። ዳታውን የሚበላው ዝምታችሁ ነው" አላት አብዱልራህማን። ምስሉን ዘግታ በድምፅ ብቻ እንድትጠቀምም መከራት።

"ድምፅማ መች አለን" አለችው።

ምስሉን አልዘጋችም፤ የዘጋችው ሌላውን ሁሉ ነው። ሲሀም ፊልሟን ላይብረሪ ሄዳ እንድታይ ተፈረደባት። ዓሊማ ቆጣሪዋን እያየች ወሩን ሙሉ አብቃቃችው። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የዓሊማ እህት ልጅ ከደሴ ለአብዱልራህማን ደወለ። እትዬ ዘሀራ ሞተዋል። መርዶ በስልክ አይነገርምና እዚህ ያሉት ሽማግሌዎቻችን ተመካከሩ፤ እሁድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰው ተሰብስቦ ይነገራት ተባለ። እኔም እሺ ካሉት አንዷ ነኝ። እስከዚያ እንዳትደውል ምን ይደረግ? ዳታው የተመዘገበው በአብዱልራህማን ስም ነው፤ ከሥራ ሳትመለስ መስመሩን አዘጋው። ሲሀምን አስምለን ዝም አሰኘናት። እሱም ፊቷን የሚያይበት አቅም አጥቶ በስልክ ነው የነገራት፦ ዳታው አልቋል፣ እሁድ ይስተካከላል። እሺ ብላ ዘጋች።

ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሳህን እያጠብኩ ስለነበር እጄ አረፋ እንደሆነ ከፈትኩ። ዓሊማ ላፕቶፗን ታቅፋ ቆማለች። ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና ጥጉን በጣቷ አሳየችኝ።

"ይኸው፣ የሺ። ገና ሩቡ እንኳ አልተነካም።"

ማሽን አይደል፣ ተሳስቶ ይሆናል አልኳት።

"ቆጣሪዋ አትሳሳትም። አብዱም ሰው ካላዘዘው አይዋሽም።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እናቴን መቼ ቀበሯት?"

ለእሁድ ያሰናዳነው ሁሉ ቀረ። ሽማግሌ የለ፣ ነጠላ የለ፤ በእርጥብ እጄ አቀፍኳትና "ሐሙስ" አልኳት። ኢናሊላሂ አለች። ለቅሶው ሲመጣ ትከሻዬ ላይ ሆና የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"እኔ እኮ የተጨነቅሁት፣ ስልኩን እያየች ትጠብቀኛለች ብዬ ነው።"

ያን ቀን በራሴም በሽማግሌዎቹም አፈርኩ። ልማድ ነው፣ ለደግ ነው ያደረግነው፤ ግን እናቷ ከተቀበሩ በኋላም እንኳ ለእናቷ እንድትሳቀቅ አደረግናት።

እሁድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር። አብዱልራህማን መስመሩን ቀጥሎላታል። ዓሊማ ፍራሽ መሬት አውርዳ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣለች። ደሴ ገና የቅዳሜ ምሽት ነው፤ የእህቷ ልጅ ስልኩን እንደ ወትሮው ፔርሙዙ ላይ አስደግፎ እትዬ ዘሀራ ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ አሳይቷታል። ሊነግሯት የመጡት ሰዎች የሚነግሯት ቢያጡ አጠገቧ ተቀመጡ። ማንም አይናገርም። ጥጉ ላይ ቁጥሮቹ ይሮጣሉ። አብዱልራህማን አያቸው፣ እኔም አየኋቸው፤ ዳታሽ እየሄደ ነው ያላት ግን የለም።