የባልጩቱ ስም

ፖሊሶች የያዙኝ ሰባተኛ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ነው። ከምርጫው በኋላ በነበረው ግርግር ወጣት ሽማግሌ ሳይሉ ያፍሱ ነበር። የጂኦሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ኮት ኪሴ ውስጥ ለተማሪዎቼ ላሳየው የያዝኩት ባልጩት ነበረ። ፖሊሱ አገላብጦ አየውና «ለመወርወር ነው» አለ። መዝገቡ ላይ ከስሜ ጎን «ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ።

ያስገቡን አንድ የድሮ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። አንዱ ሲያስነጥስ ሁላችንም እንከተላለን። የጎድን አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ማስነጠስ ምን እንደሆነ እዚያ አየሁ።

አጠገቤ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው የእህል በረንዳ ተሸካሚ ነበሩ። ሲይዟቸው ስማቸውን የጠየቀ የለም፤ «ኩሊ፣ አንድ» ተብለው ነው የተመዘገቡት። ሲያዙ ያዩ ጓደኞቻቸው ለልጃቸው ነግረዋት በየቀኑ ምሳ ይዛ በር ላይ ስማቸውን ትጠራለች። «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብለው ይመልሷታል። ድምጿ ውስጥ ድረስ ይሰማን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ለምን እንደታሰርኩ ጠየቁኝ። ስለ ድንጋዩ ነገርኳቸው።

«ባልጩት? እኛ አገር ቆዳ ይፋቅበታል» አሉ። «ፈረንጅ ምን ይለዋል?»

«ኦብሲዲያን። ኦብሲየስ የሚባል ሮማዊ በጥንቱ ኢትዮጵያ አገኘው ተብሎ ተጽፏል። ስሙ ከሱ ነው የመጣው፣ ጋሼ።»

«ድንጋዩን ለሮማዊው ያሳየውስ ያገሩ ሰው? ማን ይባላል?»

«አልተጻፈም።»

«አየህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አፈርኩ። ስንት ዓመት ሳስተምረው ይህን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቆጠራ ላይ ዘበኛው «ኩሊ» ሲል መልስ አልሰጡም። ደገመው። ከዚያ ጫንቃቸውን በዱላ መታቸው። ተንገዳግደው ቆሙና የራሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ስም ቀስ ብለው ተናገሩ። ሲመታቸው ደገሙት። በሦስተኛው ጊዜ ዘበኛው እስክሪብቶ አወጣ።

ያን ቀን ልጃቸውን አልመለሷትም። ቆጮና ጎመን የያዘ ፔስታል ገባ፤ ላዩ ላይ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ተጣብቋል። ምግቡን ለሁላችንም አካፈሉን። ወረቀቷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

በሳምንቱ በመኪና ወሰዷቸው። የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልጃቸውም አታውቅም። ስትጠይቅ ግን «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ሊሏት አልቻሉም፣ መዝገቡ ላይ አለ። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ከተፈታሁ በኋላ ሳገኛት ስለለመነችኝ ነው፤ አሁንም ትፈራለች።

ዛሬም ስለ ባልጩት ሳስተምር የሮማዊውን ስም ሰሌዳ ላይ እጽፍና ከጎኑ ባዶ መስመር አሰምራለሁ። ተማሪዎቼ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ድንጋዩን ያሳየው ሰው ቦታ ነው እላቸዋለሁ።