የማይታየው ቅብ

ሜልበርን ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ለትምህርት መጥቶ፣ እኔ እሱን ተከትዬ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ብማርም እዚህ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ዌሪቢ የሚባል ሰፈር አትክልት ማሸግ ነበር። ስለዚህ ዲር ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ በመጋዘኖች መካከል ያለች አንዲት ትንሽ ወርክሾፕ ለቴክኒሺያንነት ስትጠራኝ፣ ምን እንደምትሠራ እንኳ በደንብ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።

አሠሪዬ ሽበቷን ጠቅልላ በእርሳስ የምትወጋ፣ ብዙ የማታወራ ኢንጂነር ነበረች። የመጀመሪያው ቀን አንድ ፕሪንተር ፊት አቆመችኝ። አሠራሩ ቤት ውስጥ ወረቀት ከምናትምበት ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ ቀለሙ ላይ ነው። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሲሆን ውስጡ የሴራሚክ ቅንጣቶች ተበትነውበታል። ከስኒና ከሰሃን ወገን የሆነ ነገር ነው፤ ግን በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ እስከማይታይ ድረስ ደቅቋል። ማሽኑ ፈሳሹን ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች እየረጨ ትንንሽ መስታወት ላይ ያትመዋል፤ መስታወቱ ከዚያ ምድጃ ይገባል። የሚቀረው ቅብ ለዓይን አይታይም። ሥራው ግን አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት መለካት ነው።

ካሜራውን ስታበራው ስክሪኑ ላይ ጠብታዎች በሰልፍ አየር ላይ ቆመው አየሁ። በየሰከንዱ በሺህ የሚቆጠሩ እየወረዱ ነው፤ መብራቱ ከነሱ እኩል ብልጭ ስለሚል ነው የቆሙ የሚመስሉት ብላ አስረዳችኝ። ገብቶኛል። ቢሆንም እጄን አፌ ላይ እንደጫንኩ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት፣ እነዚያን ጠብታዎች ለማየት ብቻ ካሜራውን አበራው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቀዳዳዎቹ በጓጎለ ቀለም ይደፈኑ ጀመር። አጽድተን ስንመልሳቸው ሁለት መስታወት እንኳ ሳናትም መልሰው ይዘጋሉ። ናሙና የሚጠብቅ ደንበኛ ነበረን። አሠሪዬ ማሽኑን ፈታች፣ ገጠመች፤ አዲስ ቀለም አዘዘች፤ ለውጥ የለም። የቀለም መያዣዎቹን፣ ካርትሬጆቹን፣ የማጥበውም ቀለም የምሞላባቸውም እኔ ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ አባት ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ዌስት ፉትስክሬይ እኛ ቤት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እራት ላይ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ስንት እጅ ነው የምትቀቡት?» አሉኝ።

«አንድ እጅ፣ አባባ። እሱም አይታይም።»

የማይታይ ቀለም ደንበኛ ማግኘቱ አሳቃቸው። ቀለሙ እንደ ተበላሸ ወተት እየጓጎለ አስቸገረን ስላቸው ግን ሳቁን ተዉት።

«ዕቃውን በምንድነው የምታጥቢው?»

«በውሃ ነዋ።»

«በምን ውሃ?»

ያደረግኩት ትዝ አለኝ። ካርትሬጅ የሚለቀለቀው በተጣራ ውሃ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አንድ ቀን የተጣራው ውሃ አለቀና ከቧንቧ ቀድቼ ለቀለቅኩ። ምንም ስላልሆነ በማግስቱም ደገምኩት፤ እያደር ልማድ ሆነ። የምንጠጣው ውሃ፣ ጥርት ያለ ውሃ፣ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ውስጥ እኩል ቀለም ጨመርኩ፤ በአንዱ ላይ የተጣራ ውሃ፣ በሌላው ላይ የቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ምሳ ሰዓት ላይ አንደኛው እንደ ወተትነቱ ነው። ሁለተኛው ግን ነጩ ሁሉ ታች ዘቅጦ ላዩ ጠርቷል። ቅንጣቶቹን ለያይቶ የሚያቆማቸው እርስ በርስ የሚገፋፉበት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለች ጨው፣ ምላሴ እንኳ የማያውቃት፣ ያንን ኃይል አዳከመችው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር፤ እግሬ እስኪደክም ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። ሥራዬ ጊዜያዊ ነበር። ዝም ብዬ ውሃውን ብቀይር ማንም አያውቅም፤ ማሽኑም ይድናል። ከሰዓት በኋላውን ግማሹን ይህን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና ጠርሙሶቹን ይዤ ቢሮዋ ገባሁ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳት።

ጠርሙሶቹን ወደ መስኮቱ አንስታ ብዙ አየቻቸው። አላባበለችኝም። የተጣራው ውሃ ያለቀ ዕለት ብነግራት ኖሮ ያ ሁሉ ሳምንት እንደማይባክን በግልጽ ነገረችኝ። ቀጥላ ነገሩን እንዴት እንደደረስኩበት ጠየቀችኝ። ስለ አባባ ነገርኳት።

«አምጪያቸው፤ ላገኛቸው እፈልጋለሁ» አለች።

ማሽኑ በሳምንቱ ተስተካከለ። አባባ የቸርች ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ያለቀ መስታወት ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አዘነበሉት፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉትና ይሄ ያልተቀባ ነው አሉኝ። ከመለኪያው ጋር አገናኝቼ እፍ እንዲሉበት ለመንኳቸው።

እፍ አሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ዘለለ፤ ቀስ እያለም ተመለሰ። ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜ ራቅ ብለው፣ በጣም በቀስታ ተነፈሱ፤ ያኔም አወቀው። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይሄ ከሸክላ ወገን ነው አላልሽኝም?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አፈር እስትንፋስ ለይቶ ሲያውቅ አየሁ» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። አሠሪዬ ምን እንዳሉ ስትጠይቀኝ ተረጎምኩላት። እሷም ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት።

ናሙናው ለደንበኛው ደረሰ፤ እኔም በዓመቱ ቋሚ ሆንኩ። አባባ መስታወቱ ላይ እፍ ያሉ ቀን፣ ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነበርን። ያንን ሥራ ስሠራ እጸልይ እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ አልጸልይም።

«እኔም ስቀባ አልጸልይም ነበር» አሉ። «ተራ ግድግዳ ይመስለኝ ነበራ፤ ለካስ እሱም አፈር ነው።»