ጠፍቷል ብዬ የማልኩበት ፎቶ

ፀሐይ የደወለችልኝ ሜልበርን በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንሶላ እያጣጠፍኩ ሳለሁ ነው። ሐረር ፎቶ ቤት አብረን የሠራን ጓደኛዬ ናት።

«ፎቶ ቤቱ ተዘጋ እኮ! ዕቃው ሸዋ በር ተዘርግቶ እየተሸጠ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ምኑ ቅጡ።»

አንሶላውን እንደያዝኩ ወንበር ፈለግኩ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ፀሐይ ፎቶ ታትማለች፤ እኔ አነሳለሁ። ጀጎል ውስጥ ሠርግ ሲኖር፣ ወንድ ወደማይገባበት የሴቶች ክፍል የምላከው እኔ ነበርኩ። የአንዱን ሠርግ ሙሽራ እናት ወይዘሮ ዘይነባ ልበላቸው፤ እዚያ የነበራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው፣ ቀይ በተቀባው የሳሎኑ መደብ ላይ ጣፋጩን ሐልዋ እየተጎራረሱ ይጫወታሉ። እኔንም ስላጎረሱኝ የተጣበቀ ጣቴን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ አነሳሁ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ዘይነባ አልበሙን ሊወስዱ መጡ።

«እዚህ ሣጥን ውስጥ ያለውስ?» አሉ ኮምፒውተሩን እያሳዩ።

«አጠፋዋለሁ፣ እማማ።»

«አሁን! እኔ እያየሁ።»

አጠፋሁ። የተጣለ ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አደረግኩ።

«ወላሂ በይ።»

ፀሐይ ሳቀች። «እማማ፣ እሷ እኮ ክርስቲያን ናት!»

«እንግዲያው በራሷ እምነት ትማላ!»

በእመቤቴ ማልኩ። እናቴ ለእውነት እንኳ በእመቤታችን ስም አታስምለንም ነበር። እኔ ግን ደንበኛ ተሰልፎ ነበርና ቸኮልኩ። ደግሞም እውነት መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ያን ኮምፒውተር አብዲ ለሚባል መንዙማ ሻጭ ሸጠው። አብዲ በስህተት ያጠፋውን መንዙማ መልሶ ለማግኘት ፕሮግራም ሲያስኬድ ያ የሠርግ ፎቶ ወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ስክሪኑን በፎጣ ሸፍኖ እኅቱን ላከብኝ።

«እንዴት አድርገሽ ነው ያጠፋሽው?» አለኝ አብዲ ስደርስ።

«ከቅርጫቱ ሳይቀር!»

«አይ እኅቴ! አንቺ የበሩን ቁጥር ነቅለሽ ሄድሽ፤ ሰዎቹ ውስጥ ተቀምጠዋል። በላዩ ሌላ ካልተጻፈበት አይጠፋም።»

ዲስኩን በመንዙማ ጢም አድርጎ ሞላው። እኔ ደጃፉ ላይ ጊሽጣ በፌስታል ይዤ፣ ሳልቀምሰው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ያው ፕሮግራም ቢፈልግ አንድ ፎቶ እንኳ አላገኘም። እፎይ አልኩ።

መንገድ ላይ ግን የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራችንን ሁሉ የሚገለብጥበት ሌላ ዲስክ ትዝ አለኝ። ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ድሮ አጥፍቼዋለሁ» አለ። እንዴት እንዳጠፋው አልጠየቅኩም። ደክሞኝ ነበር፤ ማመኑ ቀለለኝ። ለወይዘሮ ዘይነባም ምንም አልነገርኳቸው። እሳቸው ባገኙኝ ቁጥር ጉንጬን እየሳሙ «አማና የምትጠብቅ፣ አደራ የማትበላ ልጅ!» ይሉኝ ነበር። ለዘመድ ሠርግ ሁሉ ያስጠሩኝ ጀመር።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜያለሁ፤ ስግደቱንም፣ ጾሙንም። ዲስክ ግን ስግደት አይሰማም። ይኸው እኔ ማዶ ሆኜ ያ ዲስክ ሸዋ በር መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ፎቶዎቹ ውስጡ ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ የለም።

ፀሐይ፣ አብዲ፣ ያን ቀን ቀዩ መደብ ላይ የነበራችሁ እኅቶቼ፦ ዲስኩን ፈልጋችሁ ግዙልኝ። አትክፈቱት፤ በመዶሻ ሰባብሩት። ከናንተ አንዷ ደግሞ ወይዘሮ ዘይነባ ዘንድ ትሂድልኝ። በሕይወት አሉ ብለውኛል። ጉንጬን በከንቱ ሲስሙ እንደነበሩ ትንገርልኝ።