ቱቦው ብቻ ነው የቀራት

ዶክተር ታደለ ያዋረደኝ ዲላ በሚገኘው የክትትል ክሊኒክ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ነው። በዕድሜ እናቱን እሆናለሁ፤ እሱ ግን ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት ጮኸብኝ።

ሥራዬ ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸውን፣ ማለትም አከርካሪያቸው ሳይገጥም የተወለዱ ወጣቶችን መጠየቅ ነበር። ሽንትህን በቱቦ የሚያወጣልህ ማን ነው? መድኃኒትህን ማን ያስታውስሃል? ስሜት የሌለው እግርህ እንዳይቆስል ማን ያየዋል? "ራሴ"፣ "በእገዛ" ወይም "ሌላ ሰው" ለሚለው መልስ ነጥብ እሰጣለሁ።

አስቴር በክራንች እየሄደች ከእናቷ ጋር ከቡሌ መጣች። ዲላ ክፍል ተከራይታ ኮሌጅ መማር ትፈልጋለች፤ አባቷ ግን ሐኪሙ "ብቻዋን መኖር ትችላለች" ካላለ አልለቅም ብሏል።

አስቴርን እጠይቃለሁ፣ እናትየው ይመልሳሉ፤ ልጃቸውን እንደ ወንድ ነው የሚያቆላምጧት።

"ልጅ ምን ያውቃል ሲስተር? ሁሉንም እኔ ነኝ የማደርግለት።"

አስቴር መሬት መሬቱን ታያለች። እናትየው ትንሽ ውጭ እንዲቆዩልኝ ለመንኳቸው። ዶክተሩ በሩ ላይ አያቸው።

"አንቺ! እናትን ከልጇ የምታስወጪው ማን ስለሆንሽ ነው?"

እናትየው ተመልሰው ለሁሉም ጥያቄ እኔ ነኝ አሉ። ነጥቡ ወረደ። ዶክተሩ አየውና "አትችልም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ እናያለን" ብሎ ሄደ።

እናትየው መድኃኒት ሊያወጡ ሲሄዱ አስቴር ቀና አለች።

"ሲስተር፣ የቱቦዬ ሰዓት ደርሷል። ይምጡና ይዩኝ።"

እጇን ታጠበች። ቱቦውን አስገብታ፣ ስለ ቡሌ መንገድ እያወራችኝ ጨረሰች፤ አጥባም ወደ ዕቃው መለሰችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ የውስጥ እግሯን በኪስ መስታወት አየች። ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ነኝ፤ እንዲህ የረጋ እጅ አላየሁም።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እማ ፊት እንዴት እላለሁ? ትምህርት ቤት እኔው ነኝ የማደርገው፤ ቤት ለእሷ እተውላታለሁ። ግን ቀስ እያልኩ እያስለቀቅኳት ነው። አምና ጫማውን ለቀቀች፣ ዘንድሮ መድኃኒቱን። ቱቦው ብቻ ነው የቀራት።"

እኔ እሷን ልመዝን ተቀምጫለሁ፤ እሷ እናቷን ሳታስከፋ ነፃ እየወጣች ነው። ለዚህ የሚሰጥ ነጥብ መጠይቁ ላይ የለም።

እናትየው ሲመለሱ አስቴር ፈጠን ብላ "እማ፣ ሲስተር ቱቦውን ተማሪ አሉኝ። ታስተምሪኛለሽ?" አለች።

እኔም አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

እናትየው ፊታቸው በራ። "ታዲያ ሌላ ማን ሊያስተምርህ ነው!"

በቀጠሮው ቀን እናትየው ዶክተሩ ፊት ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

"አስተማርኩት። አሁን እኔንም ይበልጣል።"

ዶክተሩ "ትችላለች" አለ። በኋላ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እናቶችን በማክበር ስላመጣው ለውጥ ብዙ አወራ። ስሜን አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ ወጣቱን ለብቻ፣ እናቱን ለብቻ ነው የምጠይቀው። እናት ፊት የተሰጠ መልስ የልጁን ችሎታ አይለካም።

ዶክተር ታደለ ሲዛወር ሽኝቱ ላይ አልተገኘሁም። የዚያን ዕለት አስቴር የተከራየችው ክፍል ሄጄ ምሳ በላሁ።